እ.ኤ.አ. በ1910 በአሜሪካ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ሪፐብሊካኖች የተወካዮች ምክር ቤቱን ያጡት ለምንድን ነው?

የማታ ተማሪ (ጠያቂ)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬን አስቀድሜ ጥያቄዬን አቀርባለሁ። ነዋሪነቴ ቨርጂኒያ ነው፤ ቀን እየሠራሁ ማታ ማታ የአሜሪካን ታሪክ እማራለሁ። በዚህ ሳምንት የደረስንበት ምዕራፍ ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአጋማሽ ዘመን ምርጫዎች የሚያወሳ ነው፤ ማለትም በፕሬዚዳንቱ የአራት ዓመት የሥልጣን ዘመን እኩሌታ ላይ የተወካዮች ምክር ቤቱ በሙሉ፣ ሴኔቱ ደግሞ በከፊል እንደገና ስለሚመረጥበት ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ኖቬምበር 8 ቀን 1910 (በእኛ ጥቅምት 29 ቀን 1903 ዓ.ም.) በተካሄደው ምርጫ ዴሞክራቶች በ1894 ምርጫ ያጡትን የተወካዮች ምክር ቤት ከ16 ዓመት በኋላ መልሰው ያዙ። ነገር ግን ገና ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሪፐብሊካኑ ዊሊያም ሃዋርድ ታፍት ዴሞክራቱን ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያንን በሰፊ ልዩነት ረትቶ ፕሬዚዳንት ሆኗል። በመካከሉ ጦርነት አልነበረም፤ እንደ 1893ቱ ያለ የኢኮኖሚ ውድቀትም አልደረሰም። መምህራችን "ፔንዱለም ነው፤ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ በአጋማሽ ምርጫ መሸነፉ የተለመደ ነው" ብለው አለፉት። ይህ መልስ አላረካኝም። ከዚህም ሌላ፣ እኛ የለመድነው አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚያወጣበትን ሥርዓት ስለሆነ፣ ፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ እንደተቀመጠ የምክር ቤቱ ባለቤት መቀየሩ በተግባር ምን እንደሚለውጥ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሴኔቱስ ለምን አብሮ አልተቀየረም?

ቀለም ቀንድ

ጠያቂያችን፣ መምህርዎ የተናገሩት ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ፔንዱለሙ የሚያስረዳው ልማዱን ነው እንጂ የሽንፈቱን ልክ አይደለም። ሪፐብሊካኖች በ1906ም ወንበር ተቀንሶባቸዋል፤ አብላጫነታቸውን ግን አላጡም። በ1910 ግን 391 አባላት በነበሩት ምክር ቤት ውስጥ ከ219 ወንበር ወደ 162 ገደማ ሲወርዱ፣ ዴሞክራቶች ከ172 ተነሥተው ወደ 230 ተጠጉ። እኔ እንደማየው መራጩ ፓርቲውን ከመጣሉ በፊት ፓርቲው ራሱ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። አንደኛው ወገን የፓርቲውን አመራር የያዙት "ነባሮቹ" ሲሆኑ ሁለተኛው ወገን ከመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች የመጡት አፈንጋጮች ናቸው።

ስንጥቁ የጀመረው በቀረጥ ነው። በ1908 ፓርቲው የታሪፍ ሕጉን፣ ማለትም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ የሚጥለውን ሕግ፣ እንደሚያሻሽል ቃል ገብቶ ነበር፤ ሕዝቡም "ይሻሻላል" ሲባል "ይቀንሳል" ብሎ ተረዳ፤ ታፍት ራሱም ይህንኑ ነበር ያስረዳው። በማርች 1909 ኮንግረሱ ለልዩ ስብሰባ ተጠራ። በሴሬኖ ፔይን ስም ከተወካዮች ምክር ቤት የወጣው ረቂቅ መጠነኛ ቅናሽ ነበረበት፤ ሴኔት ሲገባ ግን የሮድ አይላንዱ ኔልሰን አልድሪች ከ800 በላይ ማሻሻያዎች አስጨመረበት፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀረጡን መልሰው ወደ ላይ የሚሰቅሉ ነበሩ። የሱፍና የሱፍ ጨርቅ ቀረጥ የሰፈረበት "ሠንጠረዥ ኬ" ሳይነካ ቀረ ማለት ይቻላል። የአይዋው ዶሊቨር፣ የዊስኮንሲኑ ላ ፎሌት፣ የኢንዲያናው ቤቨሪጅና ጓደኞቻቸው ሠንጠረዦቹን ተከፋፍለው ሌሊቱን ሲያጠኑ እያደሩ፣ ቀን በሴኔቱ ወለል ላይ የራሳቸውን ፓርቲ ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ይተቹ ነበር። ታፍት ኦገስት 5 ቀን ፈረመ። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ይረሳ ነበር፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ወር ሚኒሶታ ውስጥ ዊኖና በምትባል ከተማ፣ ሕጉን አምርረው በሚጠሉት ገበሬዎች መካከል ቆሞ፣ ይህ ሪፐብሊካን ፓርቲ እስከዚያን ቀን ካጸደቃቸው የታሪፍ ሕጎች ሁሉ የተሻለው ነው ብሎ ተናገረ። ጋዜጦቹ ይህችን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነጥለው አወጧት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የአፈ ጉባኤው የጆሴፍ ካነን ጉዳይ ነው፤ እኔ ከዚህ ዘመን ታሪክ ሁሉ አብልጬ የምወደውም ይህንኑ ነው። ካነን የኮሚቴ አባላትን ራሱ ይሾማል፤ የትኛው ረቂቅ መቼ ለውይይት እንደሚቀርብ የሚወስነውን የደንብ ኮሚቴ ራሱ ይመራል፤ አንድ አባል ለመናገር እጁን ሲያወጣም ማየትና አለማየት የእሱ ፈቃድ ነው። የነብራስካው ጆርጅ ኖሪስ አፈ ጉባኤውን ከደንብ ኮሚቴው የሚያስወጣ የውሳኔ ሐሳብ ጽፎ፣ አመቺ ቀን እስኪያገኝ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ለረጅም ጊዜ ይዞር ነበር። ያ ቀን ማርች 17 ቀን 1910 ሆነ። ካነን በዚያ ሰሞን ስለ ሕዝብ ቆጠራ የቀረበ አንድ ጉዳይ፣ ቆጠራውን ሕገ መንግሥቱ ስለሚያዝ፣ ከተራው ቀድሞ እንዲታይ ፈቅዶ ነበር። ኖሪስ ተነሣና፣ እያንዳንዱ ምክር ቤት የራሱን የአሠራር ደንብ እንዲያወጣም ሕገ መንግሥቱ ይደነግጋልና የእኔም ጉዳይ እንዲሁ ይቅደም ሲል ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ካነን በራሱ ገመድ ተጠለፈ። ብይን ከመስጠት ይልቅ ከከተማ የወጡት ደጋፊዎቹ እስኪመለሱ ጊዜ ለመግዛት መረጠ፤ ክርክሩ ሌሊቱን ሙሉ ዘለቀ፤ ቀሪ አባላትን ከየቤታቸው እየፈለገ የሚያመጣ የሥነ ሥርዓት ሹም ተላከ። ማርች 19 ቀን በ191 ድምፅ ለ156 የኖሪስ ሐሳብ አለፈ፤ አርባ የሚሆኑ ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር ድምፅ ሰጥተዋል። ካነን ወዲያው፣ እንግዲያውስ ወንበሩን ለመልቀቅ ዝግጁ ነኝ፤ ሐሳቡ ይቅረብ አለ፤ አንድ የቴክሳስ ዴሞክራትም አቀረበ፤ አፈንጋጮቹ ግን አብዛኞቹ ወደ ፓርቲያቸው ተመልሰው ሐሳቡን ጣሉት። የሰውየውን ሥልጣን ቀነሱ እንጂ ሰውየውን አላወረዱም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነው ከምርጫው ስምንት ወር ቀደም ብሎ ነው። የሪፐብሊካን አብላጫ በስም እንጂ በተግባር በዚያች ቀን አክትሟል። ታፍት በዚያ ዓመት ለአፈንጋጮቹ በየአውራጃቸው የፖስታ ቤት ሹመት መንፈጉ፣ የደን አገልግሎቱን ኃላፊ ጊፈርድ ፒንቾትን ማባረሩ፣ ከአፍሪካ አደን የተመለሰው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም በኦገስት መጨረሻ ካንሳስ ኦሳዋቶሚ ላይ ስለ "አዲሱ ብሔርተኝነት" ንግግር ማድረጉ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ይበልጥ ከፈተው እንጂ ስንጥቁን አልፈጠረውም።

እንዝርት

የቀለም ቀንድ ትረካ መልካም ሆኖ ሳለ ከዋሽንግተን አዳራሽ አልወጣም፤ ስለዚህ ሁለት ነገር ልጨምርበት።

መራጩ ስለ ደንብ ኮሚቴ አባላት ብዛት ሲያስብ ወደ ምርጫ ጣቢያ አልሄደም። የዚያን ዓመት ዋና መነጋገሪያ የኑሮ ውድነት ነበር። በጃንዋሪ 1910 ክሊቭላንድ ውስጥ የተጀመረ ሥጋ ያለመብላት አድማ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቷል። ዴሞክራቶች የሠሩት ነገር ቀላል ነው፦ የሥጋውን፣ የልብሱንና የዕቃውን ዋጋ ከአልድሪች ታሪፍ ጋር አያያዙት። የምጣኔ ሀብት ሊቅ የዋጋው መንስኤ ሌላም ነገር አለው ሊል ይችላል፤ ገበያ የምትወጣ እመቤት ግን በአእምሮዋ የሚቀረው አጭሩ ማብራሪያ ነው። መቼም ያን ጊዜ እመቤቲቱ ራሷ በአብዛኛው አገር ድምፅ አልነበራትም፤ የዋሽንግተን ግዛት ወንዶች ለሴቶች የመምረጥ መብት የፈቀዱት በዚያው የኖቬምበር 8 ምርጫ ነው።

ሁለተኛው፣ ወንበሮቹ የተገለበጡት የት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በደቡብ የሚገለበጥ ነገር አልነበረም፤ በዚያ ጥቁር ዜጎች በነፍስ ወከፍ ግብርና በማንበብ ፈተና ከመዝገብ ስለተፋቁ፣ የዴሞክራቶች አሸናፊነት አስቀድሞ የተቆረጠ ነበር። ለውጡ የመጣው ከሰሜንና ከምሥራቅ ነው። ያን ጊዜ የግዛት ምርጫዋን በሴፕቴምበር ታካሂድ የነበረችው ሜይን ዴሞክራት አገረ ገዥ ስትመርጥ የሚመጣው ታወቀ። ቀጥሎ ኒው ዮርክ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኮነቲከትና ኒው ጀርዚ የአገረ ገዥነቱን ወንበር ለዴሞክራቶች ሰጡ። በኒው ጀርዚ ያሸነፈው ውድሮ ዊልሰን ሲሆን፣ በዚያው ቀን ወጣቱ ፍራንክሊን ሩዝቬልት የኒው ዮርክ ግዛት ሴናተር ሆነ፤ በኦሃዮ ለአገረ ገዥነት የተወዳደረው ዋረን ሃርዲንግ ደግሞ ተሸነፈ። የሦስት የኋላ ፕሬዚዳንቶች ዕጣ በአንድ ቀን የወጣበት ምርጫ ነው።

አፈንጋጮቹ በካንሳስ፣ በዊስኮንሲንና በካሊፎርኒያ ነባሮቹን በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ረትተው በኖቬምበርም ጸንተዋል፤ ይህ የቀለም ቀንድን ሐሳብ ይደግፋል። ግን የኢንዲያናው ቤቨሪጅ፣ ታሪፉን ከተቃወሙት ዋነኞች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ወንበሩን አጥቷል። ስለዚህ "አፈንጋጭ ዳነ፣ ነባር ወደቀ" ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም።

የማታ ተማሪ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የሥጋውን አድማ ጭራሽ አላውቅም ነበር። የሴኔቱ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰልኝም፤ ቤቨሪጅ "ወንበሩን አጣ" ሲባል እኮ በሕዝብ ድምፅ ነው ወይስ በሌላ መንገድ?

ጠበቃው

ጥያቄው ትክክለኛውን ብልት ነክቷል። ቤቨሪጅን የጣለው የኢንዲያና ሕዝብ በቀጥታ አልነበረም። በ1910 ሕዝቡ የግዛቱን ምክር ቤት መረጠ፤ በዚያ ምክር ቤት ዴሞክራቶች አብላጫውን ስለያዙ በቤቨሪጅ ቦታ ጆን ከርንን ሾሙ። አሥራ ሰባተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ኤፕሪል 8 ቀን 1913 እስኪጸድቅ ድረስ ሴናተሮችን የሚመርጡት የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ። በዚህ ላይ የሴናተር ዘመን ስድስት ዓመት ስለሆነና በየሁለት ዓመቱ የሚታደሰው ሢሶው ብቻ ስለሆነ፣ የ1910 ማዕበል ሴኔቱ ዘንድ የደረሰው በሁለት ግድግዳ ተጣርቶ ነው። ሪፐብሊካኖች በሴኔቱ አብላጫነታቸውን ይዘው ቀሩ፤ ይሁንና ከመካከላቸው አፈንጋጮቹ ወደ ዴሞክራቶች ካዘነበሉ ሚዛኑ ይገለበጥ ነበር።

ይህ የሹመት ሥርዓት ምን ይመስል እንደነበር ለመረዳት የኒው ዮርክ ግዛት ዋና ከተማ የሆነችውን ኦልባኒን መመልከት ይበቃል። የኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት በጃንዋሪ 1911 ሴናተር ለመምረጥ ተሰበሰበ፤ ዴሞክራቶች አብላጫ ቢኖራቸውም፣ ታማኒ ሆል የተባለው፣ ዕጩና ሹመት የሚያከፋፍለው የኒው ዮርክ ከተማ የፓርቲው ድርጅት ያቀረበውን ዊሊያም ሺሃንን ጥቂት አባላት አንቀበልም አሉ። ከፊት የቆመው ገና ምክር ቤት የገባው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነበር። ጃንዋሪ አለፈ፤ ፌብሩዋሪ አለፈ፤ ድምፅ በተሰጠ ቁጥር አሸናፊ ይጠፋል። ማርች 29 ሌሊት የግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ በእሳት ተያያዘ፤ የግዛቱ ቤተ መጻሕፍትም አብሮ ጋየ። የደከሙት እንደራሴዎች ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ተዛውረው ማርች 31 ቀን ጄምስ ኦጎርማን በተባሉ ዳኛ ላይ ተስማሙ። እንዲህ ያለው መጓተት፣ እንዲሁም በኢሊኖይ ምክር ቤት የተመረጠው ዊሊያም ሎሪመር በጉቦ የተገኘ ምርጫ ነው ተብሎ በ1912 ከሴኔቱ መሰረዙ፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጥ የሚለውን ጥያቄ አበረታው።

አሁን ስለ ተግባሩ ልናገር። ዛሬ በኖቬምበር የተመረጠ በጃንዋሪ ሥራ ይጀምራል። ያን ጊዜ ግን አዲሱ ኮንግረስ ሥልጣኑን የሚረከበው ማርች 4 ሲሆን መደበኛ ስብሰባውን የሚጀምረው በዲሴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ነበር። አንድ እንደራሴ ከተመረጠበት ቀን አንሥቶ ለመሐላ አሥራ ሦስት ወር ሊጠብቅ ይችላል ማለት ነው፤ በአንጻሩ የተሸነፉት ሰዎች ከዲሴምበር 1910 እስከ ማርች መጀመሪያ 1911 ድረስ ሕግ ሲያወጡ ይከርማሉ። ይህ የተስተካከለው በ1933 በሃያኛው ማሻሻያ ነው። በ1911 ዴሞክራቶችን ከመጠበቅ ያዳናቸው ታፍት ራሱ ነው፤ ከካናዳ ጋር ያደረገው የቀረጥ ስምምነት እንዲጸድቅለት ኮንግረሱን ለኤፕሪል 4 ጠራ። ስምምነቱ በዴሞክራቶች ድምፅ አለፈለት፤ በሴፕቴምበር ግን የካናዳ መራጮች ስምምነቱን ያመጣውን መንግሥት ጣሉት።

አዲሱ አፈ ጉባኤ የሚዙሪው ቻምፕ ክላርክ ቢሆንም የካነን ሥልጣን ለእሱ አልተላለፈም። የኮሚቴ ምደባ ለገቢና ግብር ኮሚቴው ዴሞክራት አባላት ተሰጠ፤ ሰብሳቢው የአላባማው ኦስካር አንደርውድ የምክር ቤቱ ዋና ሰው ሆነ። እንዝርት ያነሣው የደቡብ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፦ ተፎካካሪ የሌላቸው የደቡብ እንደራሴዎች በምክር ቤት አገልግሎት ዘመናቸው ርዝመት ብዙ የኮሚቴ ሊቀ መንበርነት ያዙ። የሱፍ፣ የጥጥና የገበሬ መሣሪያ ቀረጥ የሚቀንሱ ረቂቆች አሳለፉ፤ ታፍት በኦገስት 1911 ሁሉንም በቬቶ መለሳቸው። እንግዲህ ሕግ ማውጣት አልቻሉም ማለት ነው። የመመርመር ሥልጣን ግን ቬቶ የለበትም። የኬንታኪው ኦገስተስ ስታንሊ የሚመራው ኮሚቴ የዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ኩባንያን መረመረ፤ የሉዊዚያናው አርሴን ፑጆ ኮሚቴ ደግሞ በዲሴምበር 1912 ታላቁን የባንክ ባለሀብት ጄ. ፒ. ሞርጋንን ጠርቶ ቃሉን ተቀበለ። ለጥያቄዎ መልሱ ይኸው ነው፦ ፕሬዚዳንቱ ባይወርድም ማን ተጠርቶ ምን እንደሚጠየቅ የሚወስነው እጅ ተቀይሯል።

ቀለም ቀንድ

እንዝርት ያረመኝን በደስታ እቀበላለሁ። ለማነጻጸሪያ የ1918ን ምርጫ ባጭሩ ልጨምር፤ ፓርቲ ሳይሰነጠቅም አብላጫ እንደሚጠፋ ያሳያልና።

በ1912 ሪፐብሊካኖች በታፍትና በቴዎዶር ሩዝቬልት መካከል ተከፍለው በመሸነፋቸው ዊልሰን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ዴሞክራቶችም ከ435 ወንበር 291 ያዙ። በ1914 አጋማሽ ምርጫ ስልሳ ያህሉን ቢያጡም አብላጫቸው ተረፈ። በ1918 ግን ዊልሰን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ኦክቶበር 25 ቀን፣ ሕዝቡ ዴሞክራት ኮንግረስ እንዲሰጠው በይፋ ለመነ። ጦርነቱን ደግፈው ልጆቻቸውን የላኩት ሪፐብሊካኖች ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። የምዕራቡ የስንዴ ገበሬም የራሱ ቅሬታ ነበረው፤ የስንዴው ዋጋ በመንግሥት ሲተመን የደቡቡ ጥጥ ያለ ተመን እንዲሸጥ ተትቶ ነበር። ሪፐብሊካኖች የተወካዮች ምክር ቤቱን በሰፊ ብልጫ ሲያሸንፉ ሴኔቱን 49 ለ47 ያዙ። በሚሺጋን ትሩማን ኒውቤሪ የመኪናውን ጌታ ሄንሪ ፎርድን ያሸነፈው ከ10,000 ባነሰ ድምፅ ነው፤ ውጤቱ ቢገለበጥ ሴኔቱ 48 ለ48 ሆኖ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ይለየው ነበር።

በዚያች ጠባብ ብልጫ የማሳቹሴትሱ ሄንሪ ካቦት ሎጅ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴውን ሰብሳቢነት አገኘ። ከጦርነቱ በኋላ የተፈረመው የቬርሳይ የሰላም ውል ሲቀርብለት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁለት ሳምንት ያህል አነበበው፤ አዳራሹ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነበር። ሰውየው የሚያነበው ለአድማጭ ሳይሆን ለጊዜ ነው። ውሉ በኖቬምበር 1919 ወደቀ፤ በማርች 1920ም እንደገና ቀርቦ 49 ለ35 በሆነ ድምፅ ለማጽደቅ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ሰባት ጎድሎት ቀረ።

የማታ ተማሪ (ጠያቂ)

ከልብ አመሰግናለሁ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ቀረችኝ፤ በመጽሐፋችን የ1910 ውጤት ሠንጠረዥ ላይ ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጪ "ሶሻሊስት፣ 1" የሚል ተጽፏል። እሱ ማን ነበር?

እንዝርት

የሚልዋኪው ቪክቶር በርገር ነው፤ በኦስትሪያ ሃንጋሪ ግዛት ተወልዶ ወደ አሜሪካ የመጣ የጋዜጣ አዘጋጅ ሲሆን ወደ ኮንግረስ የገባ የመጀመሪያው ሶሻሊስት ነበር። በ1911 ለአረጋውያን ጡረታ እንዲከፈል የሚጠይቅ ረቂቅ አቅርቦ የሰማው አልነበረም። በ1912 ተሸነፈ፤ በ1918 እንደገና ተመረጠ፤ ነገር ግን ጦርነቱን በመቃወሙ በስለላ ሕጉ ተከሶ ስለተፈረደበት ምክር ቤቱ መሐላውን አልቀበልም አለ። ወንበሩ ክፍት ነው ተብሎ በዲሴምበር 1919 ምርጫው ሲደገም የሚልዋኪ ሰው ያንኑ በርገርን መልሶ መረጠው፤ ምክር ቤቱም በጃንዋሪ 1920 ያንኑ በርገርን መልሶ አባረረው፤ ወንበሩም ዘመኑ እስኪያልቅ ባዶውን ቀረ።